መሬቱን የሚበላው መስመር

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ... ሸዋ ሮቢት ላይ በዚያ ሰዓት ሒሳብ ማስተማር ምን ማለት እንደሆነ የቀመሰው ያውቀዋል። ሙቀቱ ተማሪውንም አስተማሪውንም እኩል ያነሆልላል።

እኔ ደግሞ ሰሞኑን አዲስ ነገር ይዣለሁ። ግራፍ የሚያንቀሳቅስ ሶፍትዌር ላፕቶፔ ላይ ጭኜ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳያለሁ። በማውስ አንዲት ነጥብ ሲጎትቱ መስመሩ ይቃናል፣ ይዘቀዝቃል፤ የተዳፋቱ ልክ፣ ስሎፑም፣ ጥግ ላይ ባለች ሳጥን ውስጥ በቁጥር አብሮ ይቀየራል። ክፍሉ እንዲጨልም መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት ጋረድናቸው። ምን ዋጋ አለው... ዘጠነኛ ክፍሎቼ እንደዚያን ቀን ተመችቷቸው ተኝተው አያውቁም።

ከረጢቱን አልፎ የሚገባው ብርሃን ማር ይመስላል። አቧራው በፕሮጀክተሩ ጨረር ውስጥ ቀስ እያለ ይንሳፈፋል... የገዛ ድምፄ እንኳ ከሩቅ ነበር የሚሰማኝ።

በሩ ተንኳኳ። የተማሪዬ የሐያት አባት ጋሽ ሰይድ ናቸው። ሽንኩርት ያመርታሉ፤ በቀበሌያቸውም የውሃ አባት ናቸው። የመስኖውን ቦይ የሚያስቀይሱትም፣ ውሃውን ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍሉትም እሳቸው ናቸው።

ለምን እንደመጡ አውቃለሁ፤ ጠዋት ደውለውልኝ ነበር። ሐያት ሒሳብ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ የሽንኩርቱ ሥራ ደግሞ ደርሷል። ካልገባት በከንቱ ከምትደክም ትምህርቱን ትታ ታግዘን ብለዋል። እሷም ደብተሮቿን በፌስታል ቋጥራ ጥግ ላይ አንገቷን ደፍታለች። አዘንኩ፣ ግን ምን ብዬ ልከራከር? አንድ ቀን እንኳ እጇን አውጥታ አታውቅም።

ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ አረፍ እንዲሉ ለመንኳቸው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

መስመሩን ማይነስ ሁለት ላይ አቆምኩት። ከላይ ወደ ታች ጥድፍ ያለ ቁልቁለት ሆነ። ግድግዳ ስለተደገፈ መሰላል እያወራሁ ሳለ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«መምህር፣ ይኼ መሬቱን ይበላዋል።»

የተኛው ሁሉ ነቅቶ ሳቀ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም፤ መስመሩን እንደ ቦይ አይተውት፣ ውሃው አፈሩን ጠርጎ ይወስደዋል ማለታቸው ነበር። አንቱ ቢሆኑ የት ላይ ያቆሙታል ብዬ ጠየቅኳቸው። ቀለል አድርገው አሉኝ፣ ገና ነው አሉኝ፣ አሁንም ገና... እኔ እጎትታለሁ፣ ከዘራቸው አየሩ ላይ ቀስ እያለ ይጋደማል። በመጨረሻ መስመሩ ጭራሽ ሲተኛ በቃ አሉ።

ይኼማ ሜዳ ነው አልኩ። ቁጥሩን ማየት ትቼ ዓይኔን አምኜ፣ ስሎፑ ዜሮ ነው ብዬ አወጅኩ። ክፍሉም አብሮኝ ዜሮ አለ።

ያን ጊዜ ነው ከጥግ ሐያት ቀና ያለችው።

«ዜሮ አይደለም ቲቸር። ዜሮ ቢሆን ውሃው ይቆም ነበር።»

ተነስታ መጣችና ማውሱን ተቀበለችኝ። መስመሩን ተከትላ ወደ ቀኝ ሄደች፣ ሄደች... ከአባቷ ጋር ቦይ ዳር እንደምትራመድ ሁሉ፣ ሳትቸኩል። መቶ ላይ ስትደርስ ቆመች። መስመሩ አንድ ወርዷል። መቶ ክንድ ሲሄድ አንድ ክንድ ይወርዳል አለች፤ አንድ መቶኛ ነው፣ ቁልቁል ስለሆነም ማይነስ አለው። ሳጥኑን አየሁት። ማይነስ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አንድ።

ማንም አልሳቀም። እውነቴን ነው፣ በዚያ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊዋ መስመር ግድግዳው ላይ ስትፈስ አየኋት። ድምጿንም የሰማሁ መሰለኝ...

ተደወለ። ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ጋሽ ሰይድ ከዘራቸውን ግንዱ ላይ አስደገፉ። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ፌስታል ተቀበሏት። አበቃ፣ ይዘዋት ሊሄዱ ነው አልኩ በልቤ።

ፌስታሉን ፈቱት። ደብተሮቹን አንድ ባንድ አውጥተው መልሰው አስታቀፏት።

«ውሃ የገባለት ማሳ ሳይጠግብ አይዘጋበትም፣ መምህር። ይኼን ደንብ የማስከብረው እኔ ነኝ። ሽንኩርቱን እኛው እናነሳዋለን፣ ኢንሻአላህ።»

ባዶውን ፌስታል አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ከዘራቸውን ይዘው ከግቢው ወጡ። ሐያት ደብተሮቿን እንደታቀፈች ቆማ ቀረች፤ እኔም ዓይኔ እንባ ስላቀረረ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞርኩ።

ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ላይ መስመር ሳቆም በቅድሚያ የማየው ኋላ ወንበሩን ነው... መሬቱን እንዳይበላው።