ለእርቅ ያሰብኩት የአውሮፓ መንገድ

ሰው አውሮፓ የሚሄደው ወይ ሊታከም፣ ወይ ሄዶ ሊቀር፣ ወይም ገንዘብ ተርፎት ሐውልት ሥር ቆሞ ፎቶ ሊነሳ ነው። እኔ ልሄድ የነበረው ላስታርቅ ነው። ይህን ስናገር የሚስቅ አለ። ይሳቅ፤ የሌላ ሰው ነገር ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ሮም ናት፣ ወንዱ ፍራንክፈርት፣ ትንሿ ስቶክሆልም። እናታቸው ስታርፍ ትንሿ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር። ትልቋና ወንዱ በስልክ ተማከሩና «አሁን መርዶ ከሰማች ትጎዳለች፣ ከወለደች በኋላ በወጉ ሰው ተልኮ ይነገራታል» ተባባሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሰው ሲገባና ሲወጣ ከማየት በቀር የማውቀው ነገር አልነበረም። ትንሿ ወለደች። አራስ ናት ብለው አሁንም ዝም አሉ። የእናታቸው አርባ ሲወጣ አንዱ የመጣ ሰው ፎቶ አንስቶ በስልክ ለቀቀው፤ እሷ ዘንድ ደረሰ። የእናቷ ፎቶግራፍ ድንኳን ውስጥ ቆሞ፣ ዳር ዳሩን ሻማ በርቶለት። ያንን ያየችው ብቻዋን ሆና ሕፃኑን እያጠባች ነው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟንም እህቷንም አታነጋግርም። እነሱ ደግሞ አንዱ በሌላው ማላከክ ጀመሩ። እሱ «እሷ ናት አትንገር ያለችኝ» ይላል፣ እሷ «እሱ ነው» ትላለች። በዚህ የተነሳ ሁለቱም ተኳረፉ። ይኸው ስድስት ዓመት። ለእኔ ሦስቱም እሁድ እሁድ ይደውላሉ፣ በየተራ። እህትሽ እንዴት ናት፣ ወንድምሽስ ብዬ ስጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው። «ደህና ይመስለኛል።» የእናትህ ልጅ ደህና ይመስለኛል አይባልም። ደህና ነው ወይም ታሟል ነው የሚባለው።

እኔ እዚህ አቃቂ የተወለድኩ ሰው ነኝ። አባቴ ያረሰው መሬት ላይ ዛሬ መጋዘን ቆሟል። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ሥራዬ ፋብሪካ ውስጥ የጥጥ እስር መሸከም ነበር። ቢሆንም ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲካሰሱ የምጠራው እኔ ነኝ። ሽምግልና ዲግሪ አይጠይቅም፣ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ የሚችል ቂጥና አለመቸኮል ነው የሚፈልገው። ባለፈው ዓመት የሁለት ወንድማማቾችን ነገር ይዘን ስናይ ታናሽየው ተነስቶ «መጀመሪያ የራስዎን ልጆች አያስታርቁም?» አለኝ። አብረውኝ የተቀመጡት ሽማግሌዎች መሬት መሬት አዩ። ልጁ ባለጌ ነው። ውሸት ግን አልተናገረም። የዚያን ዕለት ቤቴ ስገባ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሐሳቤን መጀመሪያ የነገርኩት አብሮኝ ለሽምግልና ለሚቀመጥ ወሎዬ ጓደኛዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ መኪና ይዞ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ከቤቴ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ ከባድ መኪናው አቧራውን እያለበሰን፣ ጉዞዬን ማሰብ ጀመርን።

«ስንት ኬላ አለው?» አለኝ።

«የምን ኬላ?»

«የመንገዱ ነዋ። ሦስት አገር ነው ያልከኝ። እኔ ጋላፊ ላይ አንድ አገር ልሻገር ስል ጢሜ ያድግ ነበር።»

እሱ እንደሚለው መንገድ የሚታሰበው በአራት ነገር ነው፤ በናፍታ፣ በኬላ፣ በማደሪያና በምግብ። ናፍታው የአውሮፕላን ትኬት ነው፣ እሱን ጠይቀን እንደርስበታለን አልን። ኬላው ቪዛ ነው። ማደሪያ ጋ ስንደርስ ባዶ አልኩት። ሦስት አገር ሦስት ልጅ ያለው ሰው ሆቴል ምን ያደርግለታል። እሱም ተስማማ። ምግብ ጋ ስንደርስ «እሱም ባዶ ነው» አልኩ።

«ያበሉኛል ብለህ?»

«አይደለም። አልበላም።»

ዞሮ አየኝ። ሽማግሌ ለእርቅ የሰው ቤት ሲገባ የመጣበት ነገር እሺ እስኪባል እህል እንደማይቀምስ ለእሱ አይነገረውም፤ ስንት ቤት አብረን የቀረበልንን ምሳ እያየን ተርበን ተቀምጠናል። ግን አውሮፓ ድረስ አላሰበውም ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ ስኳር አለብህ» አለኝ። «ሁለተኛዋ ቤት ሳትደርስ በሳጥን ነው የምትመጣው። የሳጥን ዋጋ ደግሞ ከትኬት ይበልጣል አሉ፤ እሱንም እናስበው?»

«እሺ ካሉ ወዲያው እበላለሁ።»

«እሺ ካላሉስ?»

«የማን ልጆች ናቸው እሺ የማይሉት?»

«ያንተ ናቸዋ። እኔን የጨነቀኝ እሱ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ በዳይ አንገቱ ላይ ድንጋይ አድርጎ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው፣ አውሮፓ ድንጋይ ከየት ታመጣለህ አለኝ። የሐውልት አገር ነው፣ ድንጋይ አይጠፋም አልኩት። «አብሽር፣ ከጠፋ ከዚህ እንጭንልሃለን፣ ሻንጣ ግን በኪሎ ነው አሉ።» በርበሬና ሽሮ ያዝላቸው ብሎም ነበር። እምቢ አልኩ። ሽማግሌ ስጦታ ይዞ አይሄድም፣ ጉቦ ይመስላል። «ድርቅናህን ብቻ ይዘህ ሂድ፣ እሱ ራሱ ኪሎው ያልፋል» አለኝ።

ሳሪስ አቦ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ አንድ የትኬት ቢሮ ሁለታችን ሄድን። ኮምፒዩተር ላይ የተቀመጠችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ወንበር ስባ ሰጠችን። ሦስቱንም አገር አንድ ቪዛ እንደሚያስገባ፣ አንዴ ከገቡ ከአገር አገር ሲሻገሩ የሚያስቆም እንደሌለ ነገረችን። ጓደኛዬ አላመናትም። ኬላ የሌለው አገር ጥበቃ እንደሌለው መጋዘን ነው አለ። እሷ ሳቀች።

«አባቴ፣ ከሮም ቢጀምሩ ይቀልልዎታል» አለች። «ሮም፣ ከዚያ ፍራንክፈርት፣ መጨረሻ ስቶክሆልም። እንደ መሰላል ሽቅብ ነው።»

«አይሆንም። የሚጀመረው ከስቶክሆልም ነው።»

«ለምን?»

«የተበደለችው እዚያ ነው ያለችው።»

አስረዳኋት። መጀመሪያ ቅሬታ ያለው ይሰማል። ስለዚህ ስቶክሆልም። ከዚያ ሮም ወርጄ ትልቋን አስነሳለሁ፤ እሷን ይዤ ፍራንክፈርት፣ ወንዱን አስነሳለሁ፤ ሁለቱን ይዤ እንደገና ስቶክሆልም። በዳይ ነው ወደ ተበዳይ የሚሄደው፣ ተበዳይ አይጠራም።

«ስቶክሆልም ሁለቴ?»

«ሁለቴ።»

«እንዲህ ያለ ጉዞ ሠርቼ አላውቅም» አለች፤ ግን ሠራችው። ዋጋውን ስትነግረኝ ጓደኛዬ ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። መስመሩን ቢያቀኑት ብዙ ይቀርልዎታል አለችኝ። መስመሩ ቀና ነው አልኳት። የተጣመመው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ የሚያስፈልገውን ነገረችኝ፤ ባንክ ውስጥ የሚታይ ገንዘብ፣ የጤና ዋስትና፣ ከልጆቼ ደግሞ የት እንደማድር የሚገልጽ የጥሪ ደብዳቤ። የኤምባሲውን ቀጠሮ ለፋሲካ ማግሥት ሳምንት ያዘችልኝ።

ሁለት የወተት ላሞች ነበሩኝ፤ አንዷን ሸጥኩ። የሸጥኩት ሚስቴ ከጥጃነቷ ያሳደገቻትን ነው። የተሻለ የምታወጣው እሷ ነበረች። ገዢው ሲነዳት በሩ ላይ ቆማ አልሄድም አለች፣ ከኋላ የገፋኋት እኔ ነኝ።

ከዚያ እሁድ ደረሰና ለልጆቼ ነገርኳቸው። ወንዱ «ኧረ አባባ፣ በዚህ ዕድሜዎ» አለኝ። ትልቋ «እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። ትንሿ «እኔን ለማየት ከሆነ ደስ ይለኛል፣ ለሌላ ጉዳይ ከሆነ ግን አይድከሙ» አለችኝ። ለሌላ ጉዳይ ነው አልኳት። ሦስቱም ደብዳቤውን እንልካለን አሉ። አንዱም አልመጣም። በጠየቅኩ ቁጥር አንዱ ሥራ ይበዛበታል፣ አንዷ ወረቀቱን የሚፈርመው ሰው እረፍት ላይ ነው ትላለች። ጓደኛዬ በየቀኑ ሲያልፍ «ናፍታው ተሞላ?» ይለኛል። ገና ነው እላለሁ።

ሆሳዕና እሁድ ከቀትር በኋላ ስልኬ ጮኸ። ጓደኛዬ አጠገቤ ነበር። ስከፍተው ሦስቱም ፊት አንድ ላይ ወጣ። አንድ የስልክ መስኮት ላይ ሦስት ሆነው፣ እያንዳንዱ ካለበት አገር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ አንድ ላይ አይቻቸው አላውቅም። ተነስቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

«አባባ፣ ታርቀናል» አለ ወንዱ።

«ማን አስታረቃችሁ?»

«ራሳችን። ተነጋገርን። ያለፈው አልፏል ተባባልን።»

ትንሿን አየኋት። ቁልቁል ታያለች። «አንቺስ ይቅር ብለሻል?» አልኳት። «ተነጋግረናል አባባ» አለች። ይቅር ማለትና መነጋገር ለየቅል ናቸው፤ በእኔ ሥራ ይህን የማይለይ ሰው ወንበር አይሰጠውም። ትልቋን «እስቲ እዚሁ፣ እኔ እየሰማሁ፣ እህትሽን ይቅርታ ጠይቂያት» አልኳት። አፏን ስትከፍት ወንዱ ጣልቃ ገባ። «ያለፈ ነገር ባናነሳ ይሻላል አባባ። ዋናው አሁን እርስዎ ነዎት። ጉልበትዎ አለ፣ ስኳርዎ አለ፣ እዚህ ብርዱ ገና አልወጣም። የሚመጡበት ጉዳይ ካለቀ ደግሞ ምን ያንከራትትዎታል? ቀጠሮውን ይሰርዙት።»

ሦስቱም አዩኝ። ያኔ ገባኝ። ስድስት ዓመት በአንድ ነገር ያልተስማሙ ልጆች በአንድ ነገር ተስማምተው ነው የደወሉት። እንዳልመጣ።

«ማደሪያ ነው ችግሩ?» አልኳቸው።

ትልቋ አለቀሰች። «አባባ፣ እኔ ቤት የለኝም። የማስታምማቸው ሴትዮ ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው። ሌሊት ሲጠሩኝ እንድሰማ።» ይህን እስከዚያ ቀን አልነገረችኝም ነበር። ሁልጊዜ ከኋላዋ የሚታየኝን ጥሩ መጋረጃ የእሷ ይመስለኝ ነበር። አልፈረድኩባትም። የሰው አሮጊት እያገላበጠች ለአባቷ የምታነጥፈው አልጋ የላትም፣ ይሄ የሷ ጥፋት አይደለም። የሁለቱን ምክንያት ግን አልጠየቅኩም። ቢኖራቸው ኖሮ ይነግሩኝ ነበር።

«ገባኝ» ብዬ ዘጋሁት። ጓደኛዬ «ቢያንስ ተነጋግረዋል፣ ወላሂ ይሄም ቀላል አይደለም» አለ። እያጽናናኝ ነው። ሽማግሌን ለማባረር የሚተባበሩ ጠበኞች እሱም እንደኔ ብዙ አይቷል። በሩን ሲዘጉብን ደጅ ላይ አብረን ቆመናል።

ፋሲካ አለፈ፣ ቀጠሮውም አለፈ። ከዚያ በኋላ ባለው እሁድ ትንሿ ደወለች። ስለ ልጇ ነገረችኝ፣ ጥርሱን እየነቀለ ነው። ቀስ ብዬ «እህትሽ እንዴት ናት?» አልኳት።

«ደህና ትመስለኛለች» አለችኝ።

ወንዱ ላሟን መሸጤን ሰምቶ ምትኳን መግዣ ብሎ ገንዘብ ላከ፣ ሦስታችን አዋጥተን ነው አለ። ጓደኛዬ «ውሰደው፣ ቦታዋ ባዶ አይደር» ብሎ ጨቀጨቀኝ። አላወጣሁትም፣ ባንክ ተቀምጧል። ለእርቅ ቢሆን እወስደው ነበር። ይህ የመቅረቻዬ ዋጋ ነው። የቀረችው ላም እስከ ዛሬ ማታ ማታ ወደ ጓደኛዋ ቦታ ዞራ ትቆማለች።

ልጆቼ እሁድ እሁድ መደወላቸውን አልተዉም፣ በየተራ። ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «አባባ፣ ምሳ በሉ?» ነው። አልበላሁም እላለሁ። በልቼም ቢሆን፣ ሳህኑ ፊቴ ቢሆንም ገፋ አድርጌ አልበላሁም እላለሁ። ትልቋ ትጨነቃለች፣ ወንዱ ሠራተኛ እንቅጠርልዎት ይላል፣ ትንሿ ለምን ትለኛለች።

«የመጣሁበት ነገር እሺ አልተባለም» እላታለሁ።

«የት መጡ አባባ? ቤትዎ ነው ያሉት» ትለኛለች።

እኔ ግን ስልኩ እስኪዘጋ እህል አልነካም።