ቀን የማይወራው የዝሆኑ ተረት

ልጄ ናሆም ሞቷል። አራት ዓመቱ ነበር።

ልጅ ሳለሁ በሰው አገር፣ ሬኒየር ቢች በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ አውቶቡስ ነጂ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሟች ዕቃ የሚሸጥባቸውን አሮጌ ቤቶች ይዞራል። የሚፈልገው በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ ባለጸጎች በቢሊያርድ መጫወቻ ክፍላቸው የሚገለገሉባቸውን ዕቃዎች ነበር፤ የነጥብ መቁጠሪያ ሰሌዳ፣ የመጫወቻ ዱላ ማቆሚያ፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ አቧራ ማራገፊያ ብሩሽ፣ ሦስት የዝሆን ጥርስ ኳሶች። የመጫወቻ ጠረጴዛ ግን አልነበረንም።

«አንተ ሰውዬ፣ ኮርቻ ብቻ ትሰበስባለህ፤ በቅሎዋ መቼ ልትመጣ ነው?» ትለው ነበር እናቴ።

«በቅሎዋ ከገባች እኔና አንቺ በረንዳ ማደራችን ነው» ይላታል።

ያኔ ሲመሽ አባቴ አረንጓዴ መስታወት ያለውን የነሐስ ፋኖስ ያበራል፤ ጢሱ የጣሪያውን የእሳት ማንቂያ ደወል እንዳያስጮኸው እናቴ መስኮት ትከፍታለች፤ እሱም ኳሶቹን በለስላሳ ጨርቅ እያሸ ጥርሱን ስለተነጠቀው ዝሆን ያወራኛል። ዝሆኑ በየአገሩ እየዞረ በየሰው ደጅ ጆሮውን ይጥላል። ኳስ ከኳስ ሲጋጭ በሰማ ቁጥር ጥርሱ የጠራው ይመስለዋል። አባቴ ሁለቱን ኳሶች ቀስ አድርጎ ያጋጫል። እኔ በዝሆኑ ፈንታ «አቤት!» እላለሁ።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ንገረኝ ብዬ ለመንኩት።

«ተረት ቀን አይወራም» አለኝ።

«ለምን?»

«ቀን ያወራ ሰው ቤቱ ይጎድልበታል።»

ፈራሁ። ሁለተኛ በቀን አልጠየቅኩትም።

ናሆም ሲወለድ አባቴ ኳሶቹን ሰጠኝ። ልጄ ሁሉን ነገር በእንግሊዝኛ ነበር የሚመልስልኝ፤ ኳሶቹን ሳጋጭ ብቻ በአማርኛ «አቤት!» ይላል። እኔም ሁልጊዜ ሲመሽ ነበር የማወራለት።

ሆስፒታል በገባን በሦስተኛው ቀን፣ ስምንት ሰዓት ላይ፣ መስኮቱ ላይ ፀሐይ እያለ፣ «ዳዲ፣ ኤለፋንቱን ንገረኝ» አለኝ በእንግሊዝኛው። ሐኪሟ ጠዋት የነገረችኝ ነገር አስፈርቶኝ ነበር። ቤቴ እንዳይጎድል ፈራሁ።

«ሲመሽ፣ የኔ ጌታ። ተረት ቀን አይወራም» አልኩት።

ሳይመሽ ሄደ።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ይህን ለአባቴ ነገርኩት።

«ያን እሑድ ከሥራ ገብቼ ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ» አለኝ። «ሰዎች ሲሉ የሰማሁትን ነው ያልኩህ። ልተኛ ብዬ ነው።»

አልተቆጣሁትም። ምን ብዬ? ስንት ምሽት አወራልኝ፤ ከዚያ ሁሉ አጥንቴ ውስጥ የቀረው ያ አንድ ክልከላ ነው። ሰዎች ይረሳል ይሉኛል። እኔ የማስበው ተረቱ አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ ነው።

ያን ቀን ናሆም አልተከራከረኝም። «ኦኬ» አለኝ። ከዚያ ካልሲውን እንዳወልቅለት እግሩን ዘረጋልኝ።