ሰባት ዕቃና አንዲት ሚስት

«ምልክቱ» እናቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ስሙን ያወጡለት በአውቶቡስ መናኸሪያው የጠፋ ዕቃ ክፍል መስኮት ፊት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተመላለሱ ተጓዦች ናቸው። ሰው ላብ በላብ ሆኖ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ቦርሳዬ ጠፋኝ ብሎ ሲመጣ እሱ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ያወርድና፣ አይዞህ ሳይል፣ ተቀመጥ ሳይል፣ «ምልክቱ?» ይላል። ጥቁር ቦርሳ ነው ይሉታል። ከኋላው ባለው መደርደሪያ ላይ አርባ ሦስት ጥቁር ቦርሳ ተደርድሯል። ዚፑ በየት በኩል ነው? ማንገቻው ተልጧል ወይስ ደህና ነው? ይኼን ጊዜ ሰውየው የገዛ ዕቃውን አንድም ቀን ልብ ብሎ አይቶት እንደማያውቅ ይገባውና አንገቱን ይደፋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ስሙ ምልክቱ ሆኖ ቀረ። ታናናሾቹ ጋሽ ምልክቱ ይሉታል፣ እኩዮቹ ምልክቱ ይሉታል፤ ለሁሉም አቤት ይላል።

ለእሱ መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዕቃ የጣለና ዕቃ ገና የሚጥል። ሁለቱንም ለመርዳት ሲል በአንድ ትንሽ ደብተር ላይ ምክር ያጠራቅማል፤ እስከ ዘንድሮ መቶ አሥራ አራት ደርሶለታል። ምክሮቹ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚጣሉ አይደሉም። ጥቁር ጃንጥላ አትግዛ፤ ጥቁር ጃንጥላ የሁሉም ነው። መነጽርህን ጭንህ ላይ አታኑር፤ ጭን ስትነሳ የሚጠፋ መደርደሪያ ነው። በመጨረሻው ሰዓት አትሸክፍ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመቀመጫህ ተነስተህ ሦስት እርምጃ ከሄድክ በኋላ ዞር ብለህ እይ፤ የሚስቅብህ ካለ ይሳቅ፣ ነገ እኔው መስኮት ላይ ታገኘዋለህ። ከሁሉ አብልጦ የሚወዳትና በቀይ የጻፋት ግን የመጀመሪያዋ ናት፦ የጠፋ ካለበት አይነቃነቅ፤ ፈላጊው ይምጣ። ሁለት ሰዎች ተጠፋፍተው አንዱን ሕንፃ ግማሽ ቀን ሲዞሩት በዓይኑ አይቷል።

ጎረቤት ሽርሽር ከመሄዱ በፊት ወደ እሱ ብቅ ይላል። አንድ ጊዜ ከጎናቸው ያሉ አዲስ ሙሽሮች ለአምስት ደቂቃ ብለው ገብተው ምክሩን ከአንድ እስከ ዘጠና ሲሰሙ አውቶቡሱ አመለጣቸው። ምልክቱ ግን አላዘነም። ቢያንስ ዕቃ አልጣሉም ብሎ ተጽናና።

ሰውየው ታዲያ ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ጉዞ ነፍሱ ነው። የዓመት ፈቃዱ በደረሰ ቁጥር ሚስቱን ይዞ ይወጣል። አሥራ አንድ ከተማ አዳርሷል። ምን አየህ ብትሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፏፏቴው ዘንድ በሄዱ ጊዜ ሚስቱ ሁለት መቶ ደረጃ ወርዳ ውሃው ሲወርድ አየች፤ እሱ ከላይ ዕቃ ሲጠብቅ ዋለ። ሙዚየሙ ቦርሳ አላስገባም ሲል እሷ ገባች፣ እሱ በሩ ላይ ከዘበኛው ጋር ቀረ። ስትመለስ ያየችውን ሁሉ ትነግረዋለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ይቆጥርና ተመስገን፣ ሰባቱም አሉ ይላል። ዕቃቸው ሁልጊዜ ሰባት ነው፤ ስድስት ከሆነ የረሳነው አለ፣ ስምንት ከሆነ የሰው ይዘናል ማለት ነው ባይ ነው። በአሥራ አንዱም ከተማ የትኛው የመናኸሪያ አግዳሚ ወንበር እግሩ እንደሚነቃነቅ ጠይቁት፣ አንድ በአንድ ይነግራችኋል። ይኼም ዓለምን ማየት ከተባለ ምን ይደረግ።

ዘንድሮ ሐይቅ ዳር ለመሄድ ተቆረጠ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋ ያለው ሳሎን ውስጥ ከእሱ ወንበር ፊት ለፊት ነው። ለጉዞው ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ የራሷን ቀሚስ ስትለካ፣ ስትቆርጥ፣ ስትሰፋ፣ መልሳ ስትፈታ ከረመች። ከጨርቁ የተረፈውን ቁርጥራጭ ደግሞ በሰባቱም ዕቃ እጀታ ላይ ምልክት እንዲሆን አድርጋ ሰፋችለት። ምልክቱ ደስታውን አልቻለውም። እጀታውን መብራት ሥር ይዞ አገላብጦ አየና ደብተሩ ላይ አሰፈረው፦ ብርቱካንማ መደብ፣ ነጭ ነጠብጣብ፣ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተዘመዘመ። በሥራ ዘመኔ እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም አላት። ይኼን ሲል እሷ ቀሚሱን ለብሳ ፊቱ ቆማ ነበር።

ቆማ ጠበቀች። እሱ ወደ ሁለተኛው ሻንጣ እጀታ ተሻገረ።

«ስማኝ» አለችው፣ «ይኼን ሐይቅ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለህ ካላየኸው፣ ከርሞ ከእህቴ ጋር ነው የምሄደው። አንተ ከሰባቱ ጋር ትሄዳለህ።»

እሱ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ይህች ሴት ያለችውን እንደምታደርግ ደግሞ ሠላሳ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ያውቃል። እሷ የሌለችበትን ጉዞ አስቦት አያውቅም ነበር። ስለዚህ በዚህ ጉዞ ዕቃ ብቆጥር ብሎ በሆዱ ማለ። መሐላው እስከ መጀመሪያው ዕረፍት ቆየ።

አውቶቡሱ እኩለ ቀን ላይ አንድ ትንሽ ከተማ መናኸሪያ ገብቶ ለሃያ ደቂቃ ቆመ። ሚስቱ ፊቴን ልታጠብ ብላ ወረደች። ምልክቱ ቀና ሲል አምስተኛው ዕቃ ከላይኛው መደርደሪያ ተንሸራቶ ጫፍ ላይ ደርሷል። አወረደውና ለጊዜው የሚስቱ ቦታ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል አስቀመጠው፤ ኮቷንም እንዳይጨማደድ ላዩ ላይ ጣል አደረገበት። ወዲያው ዕቃ መደርደሪያ ጫፍ ላይ ስለማስቀመጥ አንድ ምክር መጣለትና ደብተሩን አወጣ። ቁጥር መቶ አሥራ አምስት መሆኗ ነው። አንገቱን ደፍቶ ሲያሳምራት ሃያው ደቂቃ አለቀ።

ረዳቱ፣ ድምፀ ጎርናና ወፍራም ጎልማሳ፣ በሩ ላይ ቆሞ የጎደለ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ምልክቱ ቀና ብሎ በዓይኑ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት እያለ ሰባት ደረሰ።

«ሙሉ ነው፣ ንዳው» አለ ከሰው ሁሉ ቀድሞ።

ለአርባ ደቂቃ ያህል ጉዞው እጅግ ደስ የሚል ነበር። ዓይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ አዲሲቱን ምክር ለሚስቱ አነበበላት፤ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ አድናቆት ቆጠረውና ቁጥር አሥራ ሁለትንና ቁጥር ሠላሳን ደገመላት። ቆጥሬያለሁ፣ አልዋሽሽም፣ ሐይቁ ጋ ስንደርስ ግን ታያለሽ ሲልም ተናዘዘላት። በመጨረሻ ብርቱካን ልጦ ግማሹን ዘረጋላት፤ አልተቀበለችውም። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ሴትዮ ሲከታተሉት ቆይተው ኖሮ አላስችል ቢላቸው ትከሻውን ነካ አደረጉት።

«ወንድሜ» አሉት፣ «ሻንጣው ብርቱካን ይወዳል?»

ምልክቱ ክው አለ። ኮቱን ቢገልጠው አምስተኛው ዕቃ ቁጭ ብሏል። ስልክ ደወለላት፤ ሦስተኛው ዕቃ ከራሱ በላይ ማንቃጨል ጀመረ። ምክር ቁጥር ሃያ ሁለት፦ በጉዞ ላይ ስልክ በቦርሳ እንጂ በእጅ አይያዝም።

ሾፌሩ መመለስ አይሆንልኝም፣ ግን ከማዶ የሚመጣውን አውቶቡስ አስቆምልሃለሁ አለው። ዕቃህን እኔ አደርስልሃለሁ ቢለው ግን ወይ ፍንክች። ሰባቱንም ተሸክሞ መንገድ ዳር ወረደ። በመልሱ መንገድ አንዱን ሻንጣ አቅፎ፣ ሌላውን በጉልበቱ ደግፎ፣ ኮቷ እኮ እኔ ጋ ነው፤ ውሃ ጠምቷት ይሆን? እያለ ከራሱ ጋር ያወራል። ከርሞ ከእህቷ ጋር ስትሄድ፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ሲሸኛት ታየው።

ሚስቱ በበኩሏ፣ ኋላ እንደሰማው፣ አውቶቡሱ አቧራውን አስነስቶ ሲሄድ ስታይ አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብላ ብቻ አንዴ ተነፈሰች። ከዚያ የባሏን ቀይ ምክር አስታወሰች፤ የጠፋ ካለበት አይነቃነቅ። ቀጥ ብላ ወደዚያው መናኸሪያ የጠፋ ዕቃ ክፍል ሄደችና ሠራተኛዋን መዝግቢኝ አለቻት። ሠራተኛዋ ተጫዋች ወጣት ናት። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ሰማችና ቅጽ አወጣች። የዕቃው ዓይነት በሚለው ላይ «ልዩ ልዩ»፣ የተገኘበት ሁኔታ በሚለው ላይ «ደህና፣ ግን የተቆጣች» ብላ ሞላች። ሻይም አጠጣቻት።

ምልክቱ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ከሰባት ዕቃ ጋር መስኮቱ ፊት ደረሰ።

«ሚስቴ ጠፋችብኝ» አለ።

«ምልክቷ?» አለችው ሠራተኛዋ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሲጠይቀው የኖረው ጥያቄ ከዚህኛው የመስኮት ወገን ሆነው ሲሰሙት እንዲህ የሚከብድ አይመስለውም ነበር። ቁመቷ መካከለኛ ነው አላት። ጠይም ናት አላት። ሠራተኛዋ በአገጯ ወደ ግቢው አመለከተችው፤ ግቢው ቁመታቸው መካከለኛ በሆነ ጠይም ሴቶች ተሞልቷል። ምን ለብሳለች ብላ ጠየቀችው። ምልክቱ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ መልሶ ከፈተ።

«ሰማያዊ» አለ በመጨረሻ። «ሰማያዊ መሰለኝ።»

ሠራተኛዋ መዝገቡን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። «ሰማያዊ የለበሰች ሚስት አልተገኘችም። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ያለ ምልክት አናስረክብም።» ቀጥላም ለራሷ የምታወራ መስላ፣ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል አለች።

እፍረት ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ፀጉሩ ወረረው። ስንቱን ሰው በዚህች ጥያቄ አንገት አስደፍቷል። አሁን ተራው የእሱ ሆነና አንገቱን ደፋ።

«ቀሚሷን አላየሁትም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ከአንገትጌዋ ሥር መርፌ አይጠፋም፣ ነጭ ክር ያለበት። ክር ስታስገባ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ብቅ ታደርጋለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ነው የሚስቀው። አንድ ነገር አይታ ስትመለስ ትንፋሿ እንኳ ሳይመለስ ለእኔ መንገር ትጀምራለች። እኔ ደግሞ ዕቃ እቆጥራለሁ።»

ከጃንጥላዎቹ መደርደሪያ ጀርባ ያለው መጋረጃ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፅ አልነበረም፤ መጋረጃው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከዚያ ሚስቱ ገልጣው ወጣች፤ የሠራተኛዋን ካፖርት ጠርዝ ስትሰፋ ቆይታ መርፌው እጇ ላይ ነበር። ብርቱካንማ መደብ፣ ነጭ ነጠብጣብ፣ ጠርዙ በአረንጓዴ ክር የተዘመዘመ ቀሚስ ለብሳለች። ምልክቱ ቀሚሱን አየ። ከዚያ የያዘውን ሻንጣ እጀታ አየ። መልሶ ደግሞ ቀሚሱን አየ።

«ሰባት ጊዜ ምልክት ሰፋሁልህ» አለችው። «ስምንተኛውን ለብሼው ወጣሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እፍረቱም ደስታውም አንድ ላይ መጣበት። ሠራተኛዋ ግን ደንብ ደንብ ነው ብላ ቅጹን ገፋ አደረገችለት፤ ሙሉ በሙሉ ተረክቤአለሁ ከሚለው ሥር ፈረመ። ሚስቱ ቅጹን አንብባ «የተቆጣች» የሚለው እንዳይሰረዝ አሳሰበች።

ወደ ሐይቁ በሚሄደው ቀጣይ አውቶቡስ እሷ በመስኮቱ በኩል፣ እሱ አጠገቧ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ አመል አይለቅምና ዓይኑ ወደ ላይ ሸሸ። ስድስት። መልሶ ቆጠረ፤ ያው ስድስት። ትንሿ ቦርሳ የለችም። ሲፈርም መስኮቱ ላይ አስቀምጧት ቀርታለች፤ ደብተሩ፣ ከነመቶ አሥራ አምስት ምክሩ፣ እሷ ውስጥ ነው። ከወንበሩ ብድግ አለና ረዳቱን ሊጣራ ሲል ሚስቱን አያት። እሷም ቆጥራለች፤ ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ትጠብቃለች፤ የዚያን ቀን ቀሚሱን ለብሳ ፊቱ ቆማ እንደጠበቀችው።

ምልክቱ ተመልሶ ተቀመጠ። «ሐይቁ በየት በኩል ነው የሚታየው?» አላት።

በእኔ በኩል ነው አለችና ቦታ ለቀቀችለት።

ሐይቁ ዳር ሦስት ቀን ቆዩ። ምልክቱ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ከነጫማው፣ ጫማ አውልቆ የት ይቀመጣል የሚለው ሐሳብ ስለከበደው። አፍንጫው በፀሐይ ተላጠ። ነፋስ ባርኔጣውን ወስዶ ውሃው ላይ ቢጥለው ሁለቱም ቁጭ ብለው እስኪሰጥም ድረስ አዩት። ስድስቱ ዕቃዎች ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው ሰነበቱ። ሐይቁ ጠዋት አንድ ዓይነት፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ዓይነት ቀለም እንዳለው በሁለተኛው ቀን ደረሰበትና ዳገቱን እየሮጠ ወጥቶ ለሚስቱ ሲነግራት ትንፋሹ ገና አልተመለሰም ነበር። እሷ ታውቀዋለች፤ ቢሆንም እስኪጨርስ ሰማችው።

ሲመለሱ አውቶቡሱ እዚያችው ከተማ ቆመ። አብረው ወረዱ። ሠራተኛዋ ከሩቅ አይታቸው ትንሿን ቦርሳ ከጀርባዋ ደበቀች።

«ምልክቷ?» አለችው።

«ብርቱካንማ መደብ፣ ነጭ ነጠብጣብ» አለ ምልክቱ። «ስንሄድ ሚስቴ ለብሳው የነበረው ቀሚስ ጨርቅ ነው። ዛሬ የለበሰችው ግን አረንጓዴ ነው። ሁለት ኪስ አለው፤ የግራው ኪስ ቁልፍ ክሩ ላልቷል።»

ይኼን ሲል ወደ ኋላው አልዞረም። ሚስቱ እጇን ወደ ግራ ኪሷ ሰደደች። እውነትም ላልቷል።