ሁለት ሰዓት ያልኩት መንገድ

ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ የምጽፈውም እንደማወራው ነው። ውሸቱ የኔ ስለሆነ እኔው ልጻፈው።

ጦርነቱ ነዳጅ ሲያጠፋ ካርቱም ውስጥ ዕቃ የምናመላልሰው እኛ ባለ ካሮዎች ሆንን፤ በአህያ የሚጎተተውን ጋሪ ማለቴ ነው። እኔ ከሶባ ወደ ካላክላ የስኳር በሽተኞችን መርፌ፣ ሙቀት የሚያበላሸውን ኢንሱሊን፣ በበረዶ ሳጥን እወስዳለሁ። መርፌውን ከሚጠብቁት አንዷ የግቢ ጎረቤቴ ነበረች። እንደኔው ኢትዮጵያዊት፣ የወሎ ሴት ናት፤ ካፉሪ የሚባል ሰፈር በሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ጦርነቱ ወደኛ ያመጣት። “አባቴ፣ እርስዎ ቢቀሩ እንኳ አህያዋ አትቅርብኝ” እያለች ትቀልድብኝ ነበር።

አንድ ቀን መድኃኒት ሳይበላሽ እንዴት እንደሚደርስ የምታጠና ልጅ መጣች። እናቷ የኛ አገር ሰው፣ አባቷ ሱዳናዊ፤ አማርኛዋ ይሰባበራል። ከሷ በፊት የመጡት ጠይቀውን ይሄዳሉ፤ ወረቀቱ ቢሮ ይገባል፣ እኛ ወደ አህያችን። ይህቺ ግን እናንተ የማትሠሩበት ጥናት ምን ያደርግልኛል አለች። መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀችኝ። ሁለት አልኳት።

ባለ ካሮ አህያዬ ታርፋለች አይልም። ካለ፣ ጭነቱ በማግስቱ ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ ሁላችንም ሁለት ነው የምንለው። እውነቱ ግን መንገዱ ላይ ያለው የወታደር ኬላ ላይ መቆም አለ፤ ቀትር ላይ ኒም ዛፍ ስር አህያዋን ማሳረፍ አለ። ጥላው ለአህያዋ፣ ሳጥኑ ፀሐይ ላይ። አምስት ሰዓት ይሞላል። ልጅቷ አብራኝ ልትሄድ ፈልጋ ኬላው ከለከላት፤ በቃሌ አመነች።

ለጥንቃቄ አንድ ሰዓት ጨምራ፣ ማንበብ የማይችልም የሚገባው ሥዕል ሠራችልን። ይህን ያህል ፀሐይ፣ ይህን ያህል በረዶ። ድሮ ሳጥኑን በግምት በረዶ እንሞላው ነበር፤ ሥዕሉ በረዶውን ቀንሶ ለመድኃኒት ቦታ ሰጠ። ደስ ብሎኝ ሳጥኑ ላይ ለጠፍኩት።

ሙቀቱ ሲበረታ የጎረቤቴ ስኳር በመርፌው አልወርድ አለ። አመጋገቤ ነው እያለች ራሷን ወቀሰች፤ ምግቧን ቀነሰች። በሦስተኛው ሳምንት ቀበርናት። ከዚያ በኋላ ነው መርፌውን የማስረክብበት ክሊኒክ ነርስ ሳጥኑን ስከፍት እጇን የከተተችው። በረዶው ለብ ያለ ውሃ ሆኗል።

ልጅቷ ዘንድ ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ያልኩት አምስት መሆኑን ነገርኳት።

“ያ ዓሚ፣ ለምን?” አለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው።

“አህያህ ደከመች እንዳልባል።”

“ሌሎቹስ?”

“ሁሉም ሁለት ነው የሚሉሽ።”

“ለኔ አይነግሩኝም። አንተ ጠይቅልኝ” አለች። እርስዎ ማለት አታውቅበትም። እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ።

ባለ ካሮዎቹ ዘንድ ሄድኩና፣ የኔ አህያ ታርፋለች፣ አምስት ሰዓት ይፈጅብኛል አልኩ። ሳቁብኝ። አንዱ ሽጣትና አንተም ተቀመጥ አለኝ። ጎረቤቴ በምን እንደሞተች ነገርኳቸው። ያው ሽጣት ያለኝ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ “የኔ አራት ተኩል ነው” አለ።

ጻፍኩት። ፊደሌ ባያምርም ቁጥር መጻፍ እችላለሁ።