የኢንሻራህ እንሽላሊት

ካይሮ ውስጥ ወርቅ ሳይሰጣት የታጨች አንዲት ሴት ብቻ ነው የማውቀው፤ ዶክተር ኢንሻራህ። እጮኛዋ ሻውቂ ያኔ ደመወዙ ከመጽሐፍና ከአውቶቡስ የማያልፍ የዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ነበር። ለሸብካው፣ ሙሽራ ጣትና ክንድ ላይ ለሚጠለቀው ወርቅ፣ አቅም አልነበረውም። ሲና በረሃ ካለ ጥቁር ተራራ ላይ ግን ማንም ያልመዘገባት ጥቁር እንሽላሊት አገኘ። በእጮኛው ስም ሰየማት፤ እንደ ሳይንሱ ደንብ የላቲን ጅራት ብቻ ቀጠለበት።

የኢንሻራህ እናት አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ ጎረቤት የልጅሽን ወርቅ አሳዪን ሲለኝ እንሽላሊት ላውጣ?» አሉት።

«ወርቅ ይሰረቃል እናቴ። ይሄ ስም ግን ዓለም እስካለ ይኖራል» አላቸው። ወጣት ነበር፤ ወጣት የማይለው የለም።

እኔ ዚናት እባላለሁ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ክምችት ክፍል ውስጥ ብልቃጥ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት። አዲስ ስም የወጣባት የመጀመሪያዋ እንስሳ ያለችበት ብልቃጥ አንገቱ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል። የኢንሻራህን ክር ያሰረው ሻውቂ ራሱ ነው። መለየት ነፍሱ ነበር፤ ኮሻሪ እንኳ ሲበላ ምስሩን ወዲያ፣ ሩዙን ወዲህ ይገፋል። ተጋብተው ኖረው እሱ ከሞተ በኋላ ኢንሻራህ እንሽላሊቷ የተነከረችበት አልኮል ጎድሎ እንደሆነ ለማየት እየመጣች ትሄዳለች። አልኮሉን የምሞላው እኔ እያለሁ።

እሷም የእንስሳት ተመራማሪ ናት፤ ጡረታ ልትወጣ ስትል የእነዚያን የሲና ጥቁር እንሽላሊቶች ዘረመል መመርመር ጀመረች። ከባሕሩ ማዶ፣ ሒጃዝ ውስጥ፣ ሻውቂ ሳይወለድ ስም የወጣላት ነጣ ያለች እንሽላሊት አለች። ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱ አንድ ሆነው ተገኙ። ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ነጣ ያሉትን ጭልፊት እየለቀመ በላቸው፤ ጠቆር ያሉት ተርፈው ተዋለዱ። ሌላ ዝርያ ለመሆን ግን ገና ብዙ ዘመን ይቀራቸዋል። በእኛ ሙያ ደግሞ ለአንድ ዝርያ ሁለት ስም ከወጣ የቀደመው ይጸናል፣ የኋለኛው ይወድቃል። የሚወድቀው የእሷ ስም ነው።

«ተይው» አልኳት። «ካንቺ ሌላ ይሄን የሚመረምር ማን አለ? እኛ ከሞትን በኋላ ይድረሱበት።»

«ዚናት፣ አየሁት እኮ።»

«ብታዪስ? የሞተ ባልሽን ልታሳጪ ነው?»

«እሱ ቢኖር ያኔውኑ ይጽፈው ነበር። ከዚያ ያኮርፍና ምግብ እምቢ ይላል፤ የማባብለው እኔ ነኝ።»

«ወርቅሽ ነው እኮ፣ አንቺ ሴትዮ።»

ባዶ ጣቷን በሌላው እጇ ስታሻሽ አየኋት። በጣም ተናደድኩ። እውነቱን ለመናገር ቅናትም ነበረበት፤ ለእኔ የተሰጠኝን አምባር ባሌ በዓመቱ ሸጦታል፣ የእሷ ግን ይሄን ሁሉ ዘመን ኖሯል። አሁን በገዛ እጇ ልትጥለው ነው።

ጻፈችው። ጽሑፉ በወጣ ማግስት ወደ ክፍሌ መጣች።

«ክሩን ፍቺው እንዳትዪኝ» አልኳት ገና ከበሩ።

«መች ይፈታል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ስሙ ቢወድቅም ስም የወጣባት እንሽላሊት አትጣልም። ምናልባት የተሳሳትነው እኛ ከሆንን የሚመጣው ሰው እንዲያያት ከነቀይ ክሯ ትቀመጣለች። የወደቀውም ስም ከጸናው ሥር ይጻፋል እንጂ አይፋቅም።

ብልቃጡን አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። አልኮሉ በዘመን ብዛት ጥቁረቷን አጥቦት እንሽላሊቷ ነጥታለች፤ ልክ እንደ ሒጃዟ።

«ሻውቂ፣» አለች፣ አጠገቧ ያለ ሰው እንደምታናግር፣ «ተሳስተሃል። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።»

ከዚያ አለቀሰች። እኔም የማየው ጠፍቶኝ መደርደሪያውን ወለወልኩ።

«አልኮሉ ጎድሏል» አለችኝ ቆይታ።

አልጎደለም ነበር። ጠርሙሱን አምጥቼ ሞላሁላት።