ሁለት ጊዜ የተነገረ መርዶ

ያ እንግሊዛዊ «ዘመናዊ» የሚለውን ቃል የሚናገረው፣ ወጡ ውስጥ ፀጉር ያገኘ ሰው እንደሚናገረው ነበር። ከሰሜን እንግሊዝ የመጣ ነው። በካናዳዋ ካልጋሪ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዶቨር ከሚባለው መንደር ብዙም በማይርቅ የመጋዘን ሰፈር፣ አሮጌ ሶፋ እየገፈፍን አዲስ ጨርቅ የምናለብስበት ትንሽ ድርጅት ነበረው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ እዚያ ጨርቅ ቆራጭ ነበርኩ። አገር ቤት መጻሕፍት ሳገላብጥ የኖርኩ መሆኔን ስለሰማ፣ የአገሩን ውድቀት የሚያስተምረው ተማሪ አድርጎ መረጠኝ። ማንም የማይከፍለኝ ትርፍ ሰዓት ነበር።

«ድሮ» ይላል፣ «አንዱ ወንበር ይሠራል፣ ሌላው ይቀመጥበታል። ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ ወንበር የሚሠራ የለም። ሁሉም ተቀምጦ ስለ ወንበር ይሰበሰባል።» ሰኞ ሰኞ አገሪቱን በሙሉ ወገቧን ያማታል ይላል። ወጣቱ እጁ ከቆሸሸ የተሰደበ ይመስለዋል። አለቃው ሠራተኛውን «አርፍደሃል» ከማለቱ በፊት ኮርስ መውሰድ አለበት። ባለሱቁ የመንግሥት ቅጽ ሲሞላ ይውልና፣ ሱቁን ሳይከፍት እንደዋለ የሚገባው መሽቶ ነው። ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ወደ እኛ ዞሮ ያመሰግነናል። «እናንተ ግን አትታመሙም፤ አታጉረመርሙም።»

ከሚለው ግማሹን አምንበት ነበር፤ የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። ሙሉ በሙሉ የተሳሳተ ሰው ያስቃል እንጂ አያናድድም። ምስጋናውን ግን ከአገሬ አውቀዋለሁ፤ ሰው በቅሎውን የሚያመሰግነው እንዲህ ነው፤ ትሸከማለች፣ አትናገርም። እኛ የማንታመመው ጤነኞች ስለሆንን አልነበረም። ታሞ የቀረ ሰው ሲመለስ ቦታው ላይ ሌላ ሰው እንደሚያገኝ ስለምናውቅ ነው።

አንድ ታሪክ ደጋግሞ ይነግረኝ ነበር። የራሱን ድርጅት ከመክፈቱ በፊት፣ እዚያው አገሩ፣ አንድ ትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኞች ኃላፊ ነበር። ፋብሪካው እንዲዘጋ ሲወሰን ቢሮ ያለው ሁሉ አወቀ፤ እሱ ብቻ አላወቀም። ሥራ አስኪያጁ በየጠዋቱ ፈገግ ብሎ ስለ ልጆቹ ይጠይቀዋል። በመጨረሻ በሻይና በብስኩት ስብሰባ ጠርተው፣ በለሰለሰ ቃል አሰናበቱት። «ዘመናዊቷ እንግሊዝ ይቺ ናት» ይላል። «ፊትህ ይስቃሉ፤ ከጀርባህ ያውቃሉ።»

ከእኛ ጋር አንድ ጨርቅ ሰፊ ነበር፤ ማርቲንዴል የሚባል ሰፈር የሚኖር፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ከስፌት መኪናው ድምፅ በላይ ቀልድ የሚያወራ ሰው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ «እቴቴ» ይላታል። አንድ ማክሰኞ ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ፤ ለእሱ ሳይሆን፣ እንደ ወጉ፣ ለሌላ ሰው። እቴቴ አርፋለች።

መርዶ በስልክ አይነገርም። ብቻውን ለቆመ ሰውም አይነገርም። ሽማግሌው፣ ወዳጁ፣ ጎረቤቱ በማለዳ ተሰብስቦ ይሄዳል፤ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ እንዲኖር። ካልጋሪ ውስጥ ጴንጤውና ኦርቶዶክሱ በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በዚህ ግን ይስማማሉ። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ ዶቨር አንድ ቤዝመንት ውስጥ ተገናኘን፤ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ አንድ ባለታክሲ፣ ሆስፒታል ልብስ የሚያጥቡ እትዬ የምንላቸው ሴት፣ እና እኔ።

«ነገ ጠዋት ይሁን» አልኩ።

«ነገማ ደብል ሺፍት ነኝ» አለ ባለታክሲው።

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ እኔ ኦፍ የለኝም» አሉ እትዬ። «ዓርብም የለኝም። ሱፐርቫይዘሬን ከምለምን ሟችዋን ማስነሳት ይቀላል። ቅዳሜ ይሁን፤ ሁሉም ሰው ኦፍ ነው።»

«ሟችዋ እኮ የማንንም ሺፍት ሳትጠይቅ ነው የሞተችው» አልኩ።

«አንተ ደግሞ ነገር ማጣመም ትወዳለህ» አሉ ሽማግሌው። «ሁለት ሰው ሄዶ መርዶ ይነግራል? ፖስታ አዳይ ነን እንዴ?»

ቅዳሜ ሆነ። ያን ምሽት በራሳችን ተናድጄ ነው የወጣሁት። እንግሊዛዊው በአገሩ ላይ የሚያወርደው እርግማን ቀስ እያለ እኛም ቤት ገብቷል፤ ሐዘንን ለኦፍ ቀን የሚያሸጋግር ሕዝብ ሆነናል።

የእኔ ድርሻ አለቃውን ማነጋገር ነበር፤ ከአዲስ አበባ ስልክ ቢመጣ እንዳያገናኘው፣ ከሰኞ ጀምሮም ዕረፍት እንዲሰጠው። ሐሙስ ዕለት ኦኮቶክስ የሚባል ከተማ ሶፋ አድርሰን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ነገርኩት።

«እና እሱ አያውቅም?» አለ።

«ቅዳሜ ይነገረዋል።»

«እናንተ ግን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አንተም አብረኸው ምሳ እየበላህ ታውቃለህ።»

«ወጋችን ነው» አልኩና አስረዳሁት፤ ስለ ማለዳው፣ ስለ ክንዱ። ራሱን ነቀነቀ። የገባው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ካልጋሪ ድረስ ስለ እንግሊዝ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ፓርክ አድርጎ ኮቱን ሳያወልቅ በቀጥታ ወደ ሰፊው ሄደ። ደርሼ ልይዘው አልቻልኩም። ሬዲዮው ስለ ሆኪ ያወራል። እጁን ትከሻው ላይ አሳርፎ ነገረው፤ እህትህ ሞታለች፣ አዝናለሁ፣ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሊደብቅህ መብት የለውም። ከዚያ ወደ ቢሮው ገባ። ፊቱ ሸክም ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

ሰፊው ቀና ብሎ አየኝ።

«እውነት ነው ጋሼ?»

«ቅዳሜ ጠዋት ሰዎች ቤትህ ይመጣሉ» አልኩት።

«ትናንት ምሳ ላይ ያን ቀልድ ስነግርዎት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እንደዚያ እየሳቁ?»

እግሩ ሥር የወደቀውን ቁራጭ ጨርቅ ጎንበስ ብዬ አነሳሁ።

«ተዋናይ ነዎት» አለ። ደግሞም፣ «እንዳወቅኩ ለማንም አይንገሩ። ለማንም።» እግሩን ወደ ፔዳሉ መለሰ፤ መኪናው መስፋት ጀመረ።

ዓርብም መጣ። ሠራ። አላለቀሰም፤ አልቀለደምም። እንግሊዛዊው ቢሮው ጠርቶኝ በመስታወቱ አሻግሮ አሳየኝ። «አየህ? ለሰው እውነቱን ስትነግረው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንግሊዝ ቢሆን ይሄኔ ሐኪሙ ወረቀት ጽፎለት፣ አንዷ አማካሪ እጁን እየደባበሰችው፣ ቤቱ ተኝቶ ነበር።»

እንደዚያ ቀን ሰው ለመምታት ተመኝቼ አላውቅም። ይህ ሰው እውነት የተናገረ መስሎታል። የተናገረው ግን ለዚያ በየጠዋቱ ፈገግ ይልለት ለነበረው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የብዙ ዘመን ብድሩን በማያውቃት ሴት ሞት መለሰ። ስለ ማኅበረሰብ ትልቅ ሐሳብ ያለው ሰው ክፋቱ ይህ ነው፤ ሐሳቡን የሚሞክርበት ሰው ይፈልጋል፣ የሚያገኘውም ሁልጊዜ ሥሩ የሚሠራውን ነው። ወጋችን ወረፋና ሺፍት ለምዶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን እኛው እንወቃቀስበታለን። እንግሊዛዊውን ማን ጠራው?

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ማርቲንዴል ተሰበሰብን። መኪኖቹን ከቤቱ ራቅ አድርገን አቆምን። እትዬና አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ከኮታቸው ሥር ደብቀዋል። ሽማግሌው ደወሉን ተጫኑ። እሱ እንደሚያውቅ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሩን ከፈተ። ተጣጥቦ፣ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ከኋላው ሳሎኑ ይታየኛል፤ ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ ወንበሮች ዙሪያውን ተደርድረዋል፣ መሀሉ ባዶ ነው። ሌሎቹ ልብ አላሉትም።

«በዚህ ማለዳ በደህና ነው?» አለ።

«ግባና ተቀመጥ እስቲ ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

«ምንድን ነው አባባ? ይንገሩኝ።»

ነገሩት። ስሟን ጠርተው፣ እንዴት እንደታመመች፣ ማን ከጎኗ እንደነበረ፣ የት እንደተቀበረች ነገሩት።

ያን ጊዜ ነው የወደቀው። ከሐሙስ ጀምሮ ይዞት የቆየው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወጣ። «እቴቴ፣ እቴቴ» እያለ ባዶ ባደረገው መሬት ላይ ሊፈጠፈጥ ሲል ባለታክሲው በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላው ያዝነው። ከባድ ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አውጥተው ከእሱ በላይ ያለቅሱ ጀመር።

ሰኞ ጠዋት እንግሊዛዊው ባዶውን የስፌት መኪና አይቶ ወደ እኔ መጣ።

«የት ሄደ?»

«መርዶ ተነግሮት ሐዘን ተቀምጧል።»

«እኔ ሐሙስ ነግሬዋለሁ እኮ። ዓርብ ደህና ነበር።»

«አልነገርከውም» አልኩት።

«አንተው ቆመህ ሰምተኸኛል።»

«አልነገርከውም።» መቀሱን አስቀምጬ ኮቴን አነሳሁ።

«አንተስ ወዴት ነው?»

«ለቅሶ ቤት።»

ሰዓቱን አየ፤ እኔን አየ። «አሞሃል?» አለ።

«አላመመኝም» አልኩት።