በሬ የተሸጠባቸው ሳይክሎች

ይታገሱ በሬውን ሸጦ ሳይክል የገዛ ዕለት፣ ከማንኩሳ ወጣ ብላ ያለችው መንደሩ በሙሉ ሳቀችበት። በጎጃም ምድር ሰው በሬ ሸጦ ልጅ ይድራል፤ ቢብስበት ይታከምበታል። በሬ ሸጦ ጎማ የገዛ ግን ከእሱ በፊት አልታየም። ጎረቤቱ አያ ባምላኩም፣ «መቼም ሳር አይበላ፤ ቀለቡ አያስቸግር» ብለው ቀለዱበት።

እሱ ግን ገና ፍኖተ ሰላም ሲማር በሳይክል የተለከፈ ሰው ነው። ከወዳደቀ ዕቃ የገጣጠማትን ቀይ ሳይክል ይዞ ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ቡሬ ይጋልብ ነበር። መንገዱ ላይ ካለው ድልድይ በላይ ያለውን ቁልቁለት ፍሬን ሳይነካ፣ ሸሚዙ በነፋስ ተነፍቶ፣ ብቻውን እየጮኸ ይወርደዋል። ትምህርቱ አልሆነለትም፤ ወደ አባቱ መሬት ተመለሰ፣ አገባ። ያ ቁልቁለት ግን ከልቡ አልወጣም። «ሰው የሚወደውን ሠርቶ ቢኖር ምናለበት?» ሲል ኖሮ፣ አንድ ሚያዝያ ከጥንድ በሬው አንዱን ሸጠና አሮጌ ሳይክሎች ገዝቶ አስፋልቱ ዳር ማከራያና መጠገኛ ከፈተ።

ሚስቱ አቻምየለሽ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለው ነበር። «በሬያችን ይመለሳል?» ብላ ብቻ ጠየቀችው።

«የጥር እርሻ ሳይደርስ ይመለሳል» ብሎ ማለላት።

እስከዚያው የቀረውን አንዱን በሬ ከአያ ባምላኩ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ እየጠመዱ፣ ክረምቱን የሁለቱንም ማሳ በፈረቃ አረሱ።

ንግዱ እንዳሰበው አልሄደለትም። በሥራ ቀን ገበሬው ማሳው ላይ ነው፤ ሳይክል የሚያምረው የለም። ቢመጣም የሚመጣው ዘመድ ነው፤ ዘመድ ደግሞ ኪራይ ሲጠየቅ ይቀየማል። «የአክስትህን ልጅ ልታስከፍል ነው?» ይለዋል። ከዘመድ ጋር ብላ፣ ጠጣ እንጂ አትነግድ የተባለው በከንቱ አይደለም። አንዱ በአንዷ ሳይክል በቆሎ ጭኖ ወፍጮ ቤት ደርሶባት የጎማዋን ቸርኬ አጣሞ መለሰለት፤ ይቅርታም አላለ። የከፋው ግን ይታገሱ ራሱ መንዳት መተዉ ነው። ቀይዋ ላይ ወጥቶ እንዳይሄድ ሱቁን የሚጠብቅለት ሰው የለም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጎማ ሲነፋ ይውላል።

ደንበኛ ያለው በበዓል ነው። ያን ዕለት ወጣቱ ሥራ ፈቶ አስፋልት ለአስፋልት ይንቀዋለላል። መንደሩ ግን በዓል አጥብቆ ያከብራል። በሚካኤል ዕለት እንጨት የፈለጠ፣ ሞፈር የነካ ሰው በአገሩ ሁሉ ላይ በረዶ ይጠራል ተብሎ ይፈራል። ይታገሱ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ወራቱን በባዶ ከዋለ በኋላ ግን፣ በመስከረም ሚካኤል ከቀትር በኋላ በሩን ከፈተ። አስፋልቱ በሳቅ ተሞላ። ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም። በዚህ መሃል አንዱ ወድቆ ቸርኬ አጣመመና፣ ይታገሱ ሳያስበው መዶሻ አንሥቶ ይቀጠቅጥ ጀመር። ድምፁ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ድረስ ተሰማ።

አመሻሹ ላይ በረዶ ወረደ። ገና ያልቀላውን በርበሬ ቆራርጦ ከጭቃ ቀላቀለው። የአያ ባምላኩ ማሳ እንዳለ ወደመ፤ የይታገሱም አልተረፈ።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀመጡ። ይታገሱ እግራቸው ላይ ወድቆ፣ «አባቶቼ፣ ሳይክል መንዳት በየት መጽሐፍ ተከለከለ? ጨዋታ እኮ ነው!» አለ።

በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩት መሪጌታ ገብረሰንበት በቁጣ ሳይሆን በሐዘን መለሱለት። «ልጄ፣ ብትነዳማ ማን ከለከለህ? ለደስታህ ብትነዳ በዓሉንም አከበርህ። አንተ ግን ነገድህበት፤ መዶሻም አነሣህበት። ደስታህን ሥራ አደረግኸውሳ!»

በረዶው በእሱ ጥፋት መውረዱን ይታገሱ አላመነም። ይህችን ቃል ግን አመናት፤ ከበረዶውም ይልቅ እሷ መታችው።

ቅጣቱ ቀላል ነበር፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እንዲያገባ ብቻ ተፈረደበት። የከበደው አያ ባምላኩ ሲነሡ የተናገሩት ነው። «እንግዲህ በሬዬን ከበሬህ ጋር አልጠምድም።» ከእሳቸው በኋላ ደፍሮ የሚያቀናጅ ጠፋ። አቻምየለሽ በየቤቱ ዞራ ለመነች፤ ሁሉም በትሕትና «የእኛስ ተይዟል» እያሉ መለሷት። የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን የጣለው እሱ፣ ደጅ የምትጠናው እሷ። ፊቷን ማየት አቃተው።

ሳይክሎቹን አንድ በአንድ አራከሰና ሸጣቸው። ተሰብስበው አንድ በሬ አልሞሉም። ቀይዋ ብቻ ቀረች።

በታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን፣ ቀይዋን ሊሸጥ ወደ ቡሬ ነዳት። ቢያንስ ይህችን መንገድ እጠግባታለሁ ብሎ ነበር። አልሆነለትም። ጆሮው ነፋሱን ትቶ ሰንሰለቷን ያዳምጣል፤ በተንቋቋች ቁጥር ገዢው ምን ያህል እንደሚቀንስበት ያስባል። ከድልድዩ በላይ ካለው ቁልቁለት አናት ሲደርስ ልቡ ሊነሣ ቃጣው። ወዲያው ግን ለጎማዋ ሳሳና ፍሬን ያዘ። እንደያዘ እስከ ታች ወረደ። ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆሞ አለቀሰ።

ከቡሬ በእግሩ የተመለሰው ዕድሜው የገፋ ዳለቻ በሬ እየነዳ ነው። አቻምየለሽ የበሬውን ጎን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ «ይጠመዳል» አለች። ስለ ሳይክሏ አልጠየቀችውም።

በጥር ሚካኤል ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ መሪጌታ መንገድ ላይ አገኙት። ቂም አያውቁም፤ የመስከረሙን ነገር ረስተውታል።

«ምነው ልጄ በእግርህ? በዓል አይደለም እንዴ? ዛሬማ ንዳ እንጂ!» አሉት።

«ሸጥኋት፣ የኔታ።»

ሽማግሌው ደንግጠው ቆሙ። «ቀይዋን? እሷ ደሞ ምን አጠፋች?»

በሬው ውሃ አልጠጣም ነበርና፣ ይታገሱ ጉልበታቸውን ስሞ ወደ ቤቱ ሄደ።